«መጨነቄን ሁሉም ያያል»፦ በንግግር ፈተና ፍርሃት ላይ ያሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። የንግግር ፈተና ቀን። ስሜ ሲጠራ ወደ ክፍሉ ገባሁ። ሁለት መምህራን ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ስለ ራስህ ትንሽ ንገረን» የሚል ነበር። ከዚህ የቀለለ ጥያቄ የለም። እኔ ግን የልቤን ምት እያዳመጥኩ ስለነበር ጥያቄውን በቅጡ አልሰማሁትም። አፌ ተሳሰረ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናግሬ ወጣሁ። ያጠናሁት ሁሉ ትዝ ያለኝ ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ነው።

ዛሬ መምህር ነኝ፤ ከጠረጴዛው ማዶ የምቀመጠው እኔ ነኝ። በየዓመቱ እንደዚያ ዓይነት ልጅ ይገባል። ሲወጡም ሲገቡም የሚነግሩኝ ነገር ተመሳሳይ ነው። ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ግን አይደለም፤ ፍርሃቱን የሚያባብሰውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አንድ በአንድ እንያቸው።

«መጨነቄን ሁሉም ያያል»

ከሁሉም ሥር የሰደደው ይህ ነው። ልብ ሲደልቅ፣ ጉሮሮ ሲደርቅ፣ ጉልበት ሲብረከረክ ሰው ሁሉ የሚያይብን ይመስለናል። ቶማስ ጊሎቪች እና ኬኔት ሳቪትስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከባልደረባቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1998 (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም እንደዚሁ ናቸው) ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች የውስጥ ስሜታቸው ለሌላው የሚታይበትን መጠን አጋንነው እንደሚገምቱ አሳይተዋል። በ2003 ደግሞ ሁለቱ ተመራማሪዎች ይህንኑ በንግግር ፈተኑት። ተናጋሪዎቹ «በጣም ተጨንቄ ነበር፤ ያስታውቅብኛል» አሉ። ተመልካቾቹ ግን ያን ያህል አላዩባቸውም።

እኔን የሚገርመኝ የጥናቱ ሁለተኛ ክፍል ነው። አንዳንዶቹ ተናጋሪዎች ከመጀመራቸው በፊት ይህ እውነት ተነገራቸው፤ «ጭንቀታችሁ የምታስቡትን ያህል አይታይም» ተባሉ። እነዚህ ተናጋሪዎች ከሌሎቹ የተሻለ ንግግር አደረጉ። የተሻለ ነው ያሉት እነሱ ብቻ አይደሉም፤ ሲመለከቷቸው የነበሩትም እንደዚያው ብለዋል። እንግዲህ ይህን አንቀጽ ስታነቡ እናንተም ተነግሯችኋል።

ከፈታኝ ወንበር ላይ ሆኜ የማየውም ይኸው ነው። አንድ ተማሪ ሲወጣ «እጄ ሲንቀጠቀጥ አይተዋል አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርኩት፤ አላየሁም። ነጥብ እየጻፍኩ ነበር፣ ሰዓት እያየሁ ነበር፣ ቀጣዩን ጥያቄ እያሰብኩ ነበር። አንዳንዴ ድምፅ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል፣ ፊት ሲቀላ ይታያል። በያዝኩት የነጥብ ወረቀት ላይ ግን «ፈርቷል» የሚል ቦታ የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ነገር እዚህ ስላለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ክላርክ እና ኤድሪያን ዌልስ በ1995 ባቀረቡት ማብራሪያ መሠረት፣ የማኅበራዊ ጭንቀት፣ ማለትም ሰው ፊት ስንሆን የሚይዘን ብርቱ ፍርሃት፣ ትልቁ ሞተር ወደ ራስ የዞረ ትኩረት ነው። ሰውየው ሰሚውን ማየት ትቶ ራሱን መከታተል ይጀምራል። ላቤ፣ ድምፄ፣ እጄ፣ ፊቴ። ከዚያ በሚሰማው ስሜት ተነስቶ የራሱን መልክ በሐሳቡ ይሥላል። ሥዕሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእውነታው የከፋ ነው። እኔም በአሥራ አምስት ዓመቴ የሆንኩት ይህንን ነው። እውቀት አላነሰኝም፤ ጆሮዬ ግን ወደ ውስጥ ዞሮ ነበር።

ስለዚህ ሥራው ትኩረትን ወደ ውጭ መመለስ ነው። የጥያቄውን የመጨረሻ ቃል ያዙ። የፈታኙን ፊት እዩ፤ ጺም አለው? መነጽር? ምን ዓይነት ብዕር ይዟል? ቀላል ይመስላል፤ ግን ልምምድ ይፈልጋል። በፈተናው ቀን ሳይሆን ዛሬ፣ ሰው ሲያወራችሁ ሐሳባችሁ ወደ ራሳችሁ ሲሸሽ ያዙትና ወደ ሰውየው ንግግር መልሱት። ሃያ ጊዜ ከሸሸ ሃያ ጊዜ መልሱት።

«መጀመሪያ ልረጋጋ፣ ከዚያ እናገራለሁ»

መረጋጋቱን ከጠበቃችሁ አትናገሩም። ልብን የሚያስደልቀው አድሬናሊን በትእዛዝ አይቆምም። ደስ የሚለው ነገር ሰውነት ሲፈራም ሲጓጓም የሚያሳየው ምልክት ተቀራራቢ መሆኑ ነው። ልብ በሁለቱም ይፈጥናል። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ አሊሰን ውድ ብሩክስ በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ ንግግር ሊያደርጉ ከነበሩት ሰዎች ገሚሱ «ተረጋግቻለሁ»፣ ገሚሱ «ጓጉቻለሁ» እንዲሉ ተደረገ። «ጓጉቻለሁ» ያሉት ረዘም ላለ ጊዜ ተናገሩ፤ ሰሚዎችም ይበልጥ አሳማኝና በራሳቸው የሚተማመኑ ሆነው አገኟቸው። ከፍርሃት ወደ መረጋጋት መውረድ ሩቅ መንገድ ነው። ከፍርሃት ወደ ጉጉት ግን ቅርብ ነው።

በር ላይ ቆመው «አትፍራ፣ ምንም አይደለም» ለሚሉ ወላጆችና መምህራንም አንድ ቃል አለኝ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነር በ1987 ሰዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ» ብሎ ነበር። ነጩ ድብ ደጋግሞ መጣባቸው። «አትፍራ» የተባለ ልጅም መፍራቱን ሲቆጣጠር ይውላል። «ፈርተህም መናገር ትችላለህ» በሉት። ይህ እውነት ነው፤ ልጁም እውነት መሆኑን ያውቃል።

አተነፋፈስ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ግን ብዙዎች «በረጅሙ ተንፍስ» ሲባሉ አየር ቶሎ ቶሎ ይስባሉ። ያኔ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ራስ ይዞራል፣ ጣት ይነዝራል፣ ፍርሃቱም ይብሳል። ቁም ነገሩ ያለው በማስወጣቱ ላይ ነው። አራት እስክትቆጥሩ አስገቡ፣ ስድስት እስክትቆጥሩ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። ስናስወጣ የልብ ምት ዝግ ይላል። አምስት ስድስት ጊዜ ይበቃል።

«በደንብ ከሸመደድኩት አይጠፋብኝም»

የሚጠፋው እንዲያውም የተሸመደደው ነው። ሽምደዳ እንደ ሰንሰለት ነው፤ አንዷ ቀለበት ስትበጠስ ቀሪው አብሮ ይወርዳል። ፈታኙ ጥያቄውን ትንሽ ካጣመመውም የሸመደዳችሁት መልስ ሌላ ጥያቄ የሚመልስ ይሆናል።

በ2016 በሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። ተሳታፊዎቹ ቃላትና ሥዕሎች አጠኑ። አንደኛው ቡድን ደጋግሞ በማየት አጠና። ሌላው ቡድን ዘግቶ ለማስታወስ በመሞከር አጠና። በማግስቱ የተወሰኑት በዳኞች ፊት ያልተዘጋጁበትን ንግግር እንዲያደርጉና ሒሳብ እንዲሠሩ ተደረገ፤ ማለትም ሆን ተብሎ እንዲጨነቁ ተደረገ። ደጋግመው ባዩት ላይ ጭንቀቱ የማስታወስ ችሎታቸውን ጎዳው። ራሳቸውን እየጠየቁ ያጠኑት ግን አልተጎዱም። ለእኛ ዓይነቱ ፈተና ከዚህ የተሻለ ምክር አላውቅም።

እንዲህ አድርጉት። በእያንዳንዱ ርእስ ላይ አራት ወይም አምስት ቁልፍ ቃላት ብቻ ጻፉ። ደብተሩን ዝጉ። ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩ። በማግስቱ እንደገና፣ ግን በሌላ አነጋገር። ሐሳቡ አንድ ሆኖ ቃላቱ ቢለያዩ ችግር የለውም፤ የምንፈልገውም እሱን ነው። በልብ ማጥናት በአፍ ከመናገር ይለያል። ምላስ የሚለምደው ሲንቀሳቀስ ነው። በስልካችሁ ቅዱት። መልሳችሁ ስታዳምጡ ከፈራችሁት በላይ ደህና ሆኖ ታገኙታላችሁ። በቃል መያዝ ካለባችሁ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ያዙ፤ በር ከፋች ትሆንላችኋለች።

«ለአፍታ ዝም ካልኩ አለቀልኝ»

በ2009 የወጣ በአሥር ቋንቋዎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ በጭውውት መካከል አንዱ ጠይቆ ሌላው እስኪመልስ ያለው ክፍተት በአማካይ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ለዚህ ነው የሁለት ሰከንድ ዝምታ ዓመት የሚመስለን። ለሰሚው ግን የሚያስብ ሰው ዝምታ ነው። ሁለት ሦስት ማሸጋገሪያ አባባሎችን ልመዱ፦ «ትንሽ ላስብበት»፣ «ጥያቄውን ቢደግሙልኝ?»፣ «በሌላ አነጋገር ልግለጸው»። ፈተናው በውጭ ቋንቋ ከሆነ በዚያው ቋንቋ አፋችሁ እስኪለምድ በሏቸው። ጭንቅላት ባዶ ሲሆን እነዚህ ይደርሱላችኋል።

«ፈታኙ የተቀመጠው ስህተት ሊለቅም ነው»

አይደለም። አይኤልትስ የተባለውን የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ውሰዱ። የንግግር ክፍሉ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይወስዳል። ነጥብ የሚሰጠው በአራት ነገሮች ነው፦ ሳይቆራረጡና ሐሳብን አያይዞ መናገር፣ የቃላት ሀብት፣ ሰዋስው እና አነባበብ። አራቱም እኩል ክብደት አላቸው። አንዲት ግሥ ብትሳሳቱ ከአራቱ በአንዱ ውስጥ ትንሽ ነገር ናት። በሁለተኛው ክፍል ማስታወሻ የምትይዙበት አንድ ደቂቃም ይሰጣችኋል። የትምህርት ቤታችሁ መስፈርት ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ መምህራችሁን የነጥብ አሰጣጡን ቀድማችሁ ጠይቁ። መስፈርቱን ያወቀ ሰው ፈታኙ ምን እያሰበ ይሆን ብሎ አይባዝንም።

«ዛሬ ብቀር ይሻለኛል»

ይህንን የሚሉኝን ልጆች በደንብ እረዳቸዋለሁ። የቀሩ ዕለት የሚሰማው እፎይታ እውነተኛ ነው። ችግሩ እፎይታው ራሱ ነው። አእምሮ «ያዳነኝ መቅረቴ ነው» ብሎ ይማራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ በሩ የበለጠ ይከብዳል። ክፍሉ ገብተው አንገት መድፋት፣ ቶሎ ለመጨረስ መጣደፍ፣ እጅን ኪስ ውስጥ መደበቅም ትናንሽ መቅረቶች ናቸው።

መፍትሔው ደግሞ በአንዴ መዝለል አይደለም፤ መሰላል ነው። መጀመሪያ ብቻችሁን ለስልካችሁ ተናገሩ። ቀጥሎ ለአንድ ጓደኛ፣ ከዚያ ለሦስት፣ ከዚያ ባዶ ክፍል ውስጥ ከመምህሩ ጋር፣ በመጨረሻ እንደ ፈተናው ሆናችሁ። እያንዳንዱን ደረጃ ደጋግሙት። ከመጀመራችሁ በፊት የምትፈሩትን ጻፉ፦ «ይስቁብኛል»፣ «አንድም ቃል አይወጣኝም»። ሲያልቅ የሆነውን ከጎኑ ጻፉ። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። መምህርን «መጀመሪያ ለብቻዬ ልለማመድ?» ብሎ መጠየቅም ድክመት አይደለም። እኔ ተጠይቄ እምቢ ያልኩበት ቀን የለም።

«ዓይን አፋር ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል»

አንዳንዱ ይተወዋል። ግን ዓይን አፋርነትና ማኅበራዊ ጭንቀት አንድ አይደሉም። ዓይን አፋር ልጅ ይፈራል፣ ይገባል፣ ይለምደዋል። ፍርሃቱ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ልጁን ከትምህርት እያስቀረው ከሆነ፣ ከሳምንታት በፊት ጀምሮ እንቅልፍ እየነሳው ከሆነ፣ ይህ ሕክምና ያለው ችግር ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ማኅበር የምርመራ መመሪያ ማኅበራዊ ጭንቀትን ከ1980 ጀምሮ እንደ ሕመም መዝግቦታል። በ2013 እትሙ ደግሞ ሰው ፊት በመናገር ወይም በመሥራት ጊዜ ብቻ የሚመጣውን ዓይነት ለይቶ አስቀምጧል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት መጨረሻና በአፍላ ወጣትነት ነው፤ የንግግር ፈተና በሚበዛበት ዕድሜ ማለት ነው። የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ጥሩ ውጤት አለው። የትምህርት ቤት አማካሪ ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ መሄድ ጥርስ ሲያም ሐኪም ቤት ከመሄድ አይለይም።

«ጓደኛዬ ልብ የሚያረጋጋ ኪኒን ሰጠኝ» የሚሉም አሉ። እባካችሁ ተዉት። ለዚህ የሚወሰደው ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። መድኃኒት ካስፈለገ የሚያዘው ሐኪም ነው።

«የተናገርኩትን ቃል በቃል ብመረምር ለቀጣዩ ይጠቅመኛል»

ከፈተና በኋላ ያለው ሌሊት ከፈተናው የሚከብዳቸው አሉ። «ለምን እንዲያ አልኩ? ለምን እንዲያ አየኝ?» ክላርክና ዌልስ ይህንንም ጽፈውታል፤ ጭንቀቱን ለሚቀጥለው ጊዜ የሚያቆየው አንዱ ነገር ይህ መመላለስ ነው። የምንመረምረው የሆነውን ሳይሆን የተሰማንን ስለሆነ ሁሌም እንወድቃለን። እኔ ያችን የሦስት ዓረፍተ ነገር ፈተና ሁለት ዓመት ሳመላልሳት ቆይቻለሁ፤ የጠቀመችኝ ነገር የለም።

ተማሪዎቼን የማስደርጋቸው እንዲህ ነው። እንደወጡ አንድ ወረቀት ይይዛሉ፤ አሥር ደቂቃ አላቸው። በመጀመሪያው መስመር የተጠየቁትን ይጽፋሉ። በሁለተኛው የመለሱትን አንድ ነገር። በሦስተኛው ቀጥሎ የሚለማመዱትን፣ እሱንም አንድ ብቻ፦ «ቀስ ብዬ መጀመር» ወይም «ጥያቄ ማስደገም»። አሥሩ ደቂቃ ሲያልቅ ወረቀቱን አጥፈው ደብተራቸው ውስጥ ይከቱታል። ማታ ሐሳቡ ሲመለስባቸው ወረቀቱ ላይ ሰፍሯል ብለው ወደ ያዙት ሥራ ይመለሳሉ። ወረቀቱ የሚከፈተው በሚቀጥለው ልምምድ ቀን ነው።