የቲታኒየም የእጅ ሰዓት፦ ቅለቱ፣ ጭረቱና ግሬዱ

ቲታኒየም ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ቅለቱ ነው፣ እውነቱንም ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትሩ 4.5 ግራም ገደማ ሲመዝን ስቴንለስ ስቲል ወደ 8 ግራም ይጠጋል፣ ስለዚህ አንድ አይነት ኬዝ (የሰዓቱ አካል) እና ማሰሪያ በቲታኒየም ሲሰራ ክብደቱ ግማሽ ምናምን ይቀንሳል፣ ወፍራም የዳይቪንግ ሰዓት አስሮ ለሚውል ሰው ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የመጀመሪያው የቲታኒየም የእጅ ሰዓት በፈረንጆቹ 1970 የወጣው የሲቲዝን ኤክስ-8 ክሮኖሜትር (በጣም ትክክል የሚቆጥር ሰዓት) ነው። ሴይኮ በ1975 እስከ 600 ሜትር ጥልቀት የሚችል የዳይቨር ሰዓት በቲታኒየም ሰራ፣ አይደብልዩሲ ደግሞ በ1980 ከፖርሽ ዲዛይን ጋር ሆኖ ክሮኖግራፍ (ስቶፕዋች ያለው ሰዓት) አመጣ። ብረቱን መቁረጥ ከባድ ነው፣ ሙቀቱ ቶሎ ስለማይወጣ የመቁረጫውን ጫፍ ይበላዋል፣ ብናኙም እሳት ሊይዝ ይችላል፣ ዋጋው ከስቲል ከፍ የሚለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር፦ ቲታኒየም አይጫርም የሚባለው። ይጫራል! ግሬድ 2 የሚባለው ንፁህ ቲታኒየም በጭረት ከስቲል ብዙም አይሻልም፣ ቱዶር ፔላጎስ የሚባለው የዳይቪንግ ሰዓት ለምሳሌ ግሬድ 2 ነው። ግሬድ 5 ግን 6% አሉሚኒየምና 4% ቫናዲየም ስላለበት ጥንካሬው 350 ቪከርስ (የጥንካሬ መለኪያ ነው) አካባቢ ይደርሳል፣ ሰዓት ላይ የተለመደው ስቲል ከ150 እስከ 200 ነው፣ እና ሲወለወልም ያበራል። ሮሌክስ በ2022 ያወጣው 11,000 ሜትር የሚችለው ዲፕሲ ቻሌንጅ ግሬድ 5 ነው። ሲቲዝን ደግሞ ዱራቴክት በሚለው ዘዴ ላዩን ብቻ ከ1,000 ቪከርስ በላይ ያጠነክረዋል፣ ለእኔ ለየቀኑ ሰዓት ምርጡ ይሄ ነው፣ ግን ከባድ ምት ካገኘው ውስጡ ያው ለስላሳ ስለሆነ ይሰረጎዳል፣ እንደገና ላወልውለው ቢባልም ጠንካራው ሽፋን አብሮ ይነሳል።

ጭረቱን ለማየት ማሰሪያው የሚዘጋበትን ጠርዝ ማየት ነው፣ ጠረጴዛ የሚነካው እሱ ነው። አዲስ ጭረት ጥቁር ግራጫው ላይ ነጭ ሆኖ ያበራል፣ ከጊዜ በኋላ ግን አየር ሲያገኘው ላዩ ላይ ስስ ኦክሳይድ ይሰራና ይደበዝዛል። ላብም ሆነ የባህር ውሃ የማያዝገው በዚሁ ኦክሳይድ ምክንያት ነው።

ቆዳቸው ኒኬል ለማይስማማቸው ሰዎች ደግሞ ከዚህ የተሻለ ምርጫ ማግኘት ይከብዳል፣ ስቲሉ ውስጥ ከ10% በላይ ኒኬል አለ፣ የኬዙ ቲታኒየም ውስጥ ግን የለም። ጠዋት ሲታሰርም ቶሎ ከእጅ ሙቀት ጋር ይላመዳል።

አንድ የሚያስቸግር ባህሪ አለው፣ ቲታኒየም ከቲታኒየም ጋር ሲፋተግ ይያያዛል። የኋላ ክዳኑ ወይ የማሰሪያው ብሎን ሳይቀባ በኃይል ከተጠበቀ ጥርሱ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል፣ ስለዚህ ባትሪ የሚቀይር ሰው ጥርሱን አፅድቶ ትንሽ ግሪስ ቀብቶ ነው መዝጋት ያለበት።