«ሕክምናው ነፃ ነው አይደል?» ስለታመሙ ሕፃናት መዋጮ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ኀሙስ በጅማ መርካቶ በሕፃናት ክፍል ካንሰር ለሚታከሙ ልጆች መዋጮ ስንሰበስብ አንድ የቡና ነጋዴ መዝገባችንን በእጃቸው ገፋ አድርገው፣ «ሲስተር፣ የሕፃናቱ ሕክምና ነፃ ነው ይባላል፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ገንዘብ ለምንድን ነው?» አሉኝ። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ጥያቄ ያልሰማሁበት ወር የለም። የሚጠይቁት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ እኔ ግን በሱቅ በር ላይ ቆሜ በግማሽ ደቂቃ መመለስ ሰልችቶኛል። ስለዚህ በየጊዜው የምሰማቸውን የተሳሳቱ አባባሎች እዚህ ልመልስ፤ አጫጭሮቹን ላስቀድም።

«ካንሰር የትልልቅ ሰዎች በሽታ ነው።» አይደለም። የደም፣ የኩላሊትና የዓይን ካንሰር ሕፃናትንም ይይዛል። በልጁ ዓይን ብሌን ውስጥ ነጭ ነጸብራቅ ያየ ወላጅ ነገ ዛሬ ሳይል ወደ ሐኪም ይውሰደው።

«ወደ ልጆቻችን ይተላለፋል።» አይተላለፍም። እንዲያውም መራቅ ያለበት ጉንፋን የያዘው ጎረቤት ነው፤ መድኃኒቱ የታማሚውን ልጅ በሽታ የመከላከል አቅም ስለሚያዳክም ትንሽ ጉንፋን ትበረታበታለች።

«ሕክምናው ነፃ ነው።»

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ በሪፈር ወረቀት ሲመጣ አብዛኛው የሕክምና ወጪ ይሸፈንለታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን መድኑ የአውቶቡስ ትኬት አይቆርጥም። የምታስታምመውን እናት አያበላም። ቤት የቀሩትን ልጆች አይጠብቅም፤ ያልታረሰውን ማሳም አያርስም።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የከተማችን ሰው ብቻ የሚታከምበት አይደለም። ከመቱ፣ ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከጋምቤላ ጭምር ሕሙማን ይላኩበታል። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር ደግሞ ሕክምናው ከ2 እስከ 3 ዓመት ይወስዳል። በወር አንድ ጊዜ ብቻ ቢመላለሱ እንኳ በ2 ዓመት 24 ጉዞ ነው፤ መሄጃና መመለሻው 48 ትኬት። ይህም አባትየው ልጁን ጭኑ ላይ ካስቀመጠው ነው። ማደሪያውንና ምሳውን ገና አልቆጠርኩም።

ከቦንጋ ማዶ የመጣ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። በክረምት ገባ። የመጀመሪያውን ዙር ሕክምና ሲጨርስ ትኩሳቱ ለቆት፣ በጨርቅ ኳስ ኮሪደሩን ሲያምሰው አባቱ «ልጄ ዳነልኝ» አሉ። ጊዜው ጥቅምት ነው፤ ቡናው ቀልቷል። «አባቴ፣ በሽታው ተደበቀ እንጂ አልጠፋም፤ አሁን ካቋረጡት ይመለሳል» ብዬ ለመንኳቸው። «በሬዬን ለመምጫ ሸጥኩ። ቡናው ከረገፈብኝ ደግሞ ለሚቀጥለው ቀጠሮ የምመጣበትን ከየት አገኛለሁ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በየካቲት ልጁን በጋቢ ጠቅልለው ይዘውት መጡ፤ በመጋቢት አረፈ። መድኃኒቱ ቀድሞውንም ነበር። ያጣነው የትራንስፖርትና የለቀማ ገንዘብ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይድናሉ፤ በብዙ ድሃ አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ድርጅቱ ከሚዘረዝራቸው ምክንያቶች አንዱ ሕክምናን ማቋረጥ ነው። ይህን ስሰማ ያ አባት ፊቴ ላይ ይመጡብኛል። መዋጮውን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የጀመርኩትም ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ትኬት እንከፍላለን፤ ለአስታማሚ ምግብ እናቀርባለን፤ ቀጠሮ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ለየቤተሰቡ እንደውላለን። ባለፈው ጥቅምት ለአንድ ቤተሰብ የቡና ለቃሚዎችን የቀን ሒሳብ ከፍለን ልጁ ቀጠሮውን ሳያቋርጥ ቆይቷል። ይህን ለነጋዴው ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «ለቃሚ በኪሎ ስንት ከፈላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ መዝገቡን ሳቡ።

«ውጭ አገር ካልሄደ አይድንም።» መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭኖ፣ የልጁን ፎቶ ለጥፎ ከተማውን መዞር የለመድነው በዚህ እምነት ነው። አገር ውስጥ የማይሰጥ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ልጆች አሉ፤ ይህን የሚወስነው ግን የሐኪሞች ቦርድ ነው እንጂ ሰፈሩ አይደለም። የልብ ሕመም ላለበት ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል አለ፤ የቦርድ ማስረጃ ሳይያዝ የውጭ ጉዞ መዋጮ አትጀምሩ። ፎቶውን በተመለከተም ቤተሰቡ ፈቅዶ ካልሆነ አትለጥፉ፤ ልጁ ድኖ ትምህርት ቤት ሲገባ ያ ፎቶ ይከተለዋል።

«ገንዘብ ከሌለኝ ምንም አልረዳም።» ደም አለህ። ዕድሜህ ከ18 እስከ 65፣ ክብደትህ ከ45 ኪሎ በላይ ከሆነና ጤነኛ ከሆንክ በየ3 ወሩ መለገስ ትችላለህ። ለእነዚህ ልጆች በብዛት የሚያስፈልገው ፕላትሌት፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል፣ ከ5 ቀን በላይ አይቀመጥም፤ ስለዚህ በበዓል ቀን ብቻ ተሰልፎ መስጠት አይበቃም።

«የእርዳታ ገንዘብ ይበላል።» የሚበላበት ጊዜ አለ፤ አልክድም። ለአንድ ልጅ የተሰበሰበ ገንዘብ በአንድ ግለሰብ የባንክ ደብተር ገብቶ የት እንደደረሰ ሳይታወቅ የቀረበትን አይቻለሁ። መፍትሔው ግን አለመስጠት አይደለም። ሒሳቡን በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ ክፈቱ፤ ከሦስቱ አንዱ የልጁ ዘመድ ያልሆነ ይሁን። የሆስፒታሉን ማስረጃና የቀበሌውን የድጋፍ ደብዳቤ አያይዙ። ገቢና ወጪውን በየወሩ ዕድር ላይ አንብቡ። ሁሉም ሰው የሚሸሸውን ጥያቄም ከመጀመሪያው ብር በፊት በጽሑፍ መልሱ፦ ልጁ ቢያርፍ የተረፈው ገንዘብ ለማን ይሆናል? እኛ ለሚቀጥለው ልጅ እንዲተላለፍ ተፈራርመናል፤ ከዚያ በፊት ግን ቤተሰቡን ወደ አገሩ የምንመልስበት ወጪ ይቀነሳል። በመዝገባችን ላይ የሰኔ ወር የመጨረሻ ወጪ የአንዲት እናት የሚዛን ትኬት ነው። አንድ ትኬት ብቻ።