በልኬት አልባ አውታረ መረቦች ውስጥ በአንጓዎች መካከል ያለው ርቀት

በአውታረ መረብ ጥናት የሁለት አንጓዎች (በመረቡ የተያያዙ ነጥቦች) ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን ከአንዱ ወደ ሌላው በሚያደርሰው አጭር መንገድ ላይ ባሉት ማያያዣዎች ቁጥር ነው። ከጎንደር ወደ ጅማ የሚበር መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ስለሚቀይር፣ በበረራ መረቡ ላይ የሁለቱ ከተሞች ርቀት ሁለት ነው ማለት ይቻላል።

ልኬት አልባ በሚባሉት መረቦች አብዛኞቹ አንጓዎች ጥቂት ማያያዣ ሲኖራቸው፣ እምብርት የምንላቸው በጣት የሚቆጠሩት ግን ከአማካዩ እጅግ የላቀ ቁጥር አላቸው። አልበርት ላስሎ ባራባሺና ሬካ አልበርት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት የታወቀው ይህ ስርጭት ጋማ በሚባል አርቢ ይገለጻል፤ አርቢው የማያያዣ ብዛት ሲጨምር ያን ያህል ያላቸው አንጓዎች ድርሻ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚቀንስ ያሳያል፤ ጋማ ባነሰ ቁጥር እምብርቶቹ ይገዝፋሉ። ርቀቱንም በዋናነት የሚወስነው ይኸው ቁጥር ነው።

ጋማ ከ3 ሲበልጥ አማካይ ርቀቱ ማያያዣዎቹ በዕጣ እንደተበተኑበት ተራ የዘፈቀደ መረብ ከአንጓዎቹ ብዛት ሎጋሪዝም ጋር ያድጋል። በ2 እና በ3 መካከል ሲሆን ግን የሚያድገው ከሎጋሪዝሙ ሎጋሪዝም ጋር ነው፤ ሩቨን ኮኸንና ሽሎሞ ሃቭሊን በ2003 እንዲህ ያሉትን መረቦች «እጅግ ትንሽ ዓለም» ብለዋቸዋል። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ያስደንቃል። መረቡ ከአንድ ሚሊዮን አንጓ ወደ አንድ ትሪሊዮን ቢያድግ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝሙ ከ13.8 ወደ 27.6 በእጥፍ ሲጨምር፣ የሎጋሪዝሙ ሎጋሪዝም ግን ከ2.6 ወደ 3.3 ብቻ ከፍ ይላል። ጋማ ልክ 3 ሲሆን ያለው ዕድገት በሁለቱ መካከል ይወድቃል።

ምክንያቱ መንገዱ ወደ እምብርቶቹ የሚወጣበት ፍጥነት ነው። ጋማ 2.5 ቢሆን፣ ከአንድ አንጓ ጎረቤቶች መካከል ከሁሉ የበለጠ ማያያዣ ያለው፣ በግርድፉ ሲሰላ፣ የአንጓውን የማያያዣ ብዛት ዳግም ርቢ ያህል ይኖረዋል፤ ከ3 ማያያዣ የተነሳ ሰው ወደ 9፣ ከዚያ ወደ 81፣ ከዚያም ወደ 6,561 ይደርሳል። ከላይ እምብርቶቹ እርስ በርስ ስለሚቀራረቡ የቀረው በዚያው ፍጥነት መውረድ ነው።

ይህ ግን አማካዩን እንጂ የመጨረሻውን ሩቅ ጥንድ አይመለከትም። ፋን ቹንግና ሊንዩዋን ሉ በ2002 እንዳሳዩት፣ በዚሁ ክልል ውስጥ ባለ የዘፈቀደ መረብ አማካዩ ያን ያህል አጭር ሆኖ ሳለ፣ ከሁሉም የሚበልጠው ርቀት አሁንም ከተራው ሎጋሪዝም ጋር ያድጋል፤ ከዳር የተንጠለጠሉ ቀጫጭን ሰንሰለቶች አሉና።

የርቀቱ ማጠር በእምብርቶቹ ላይ የቆመ በመሆኑም እነሱ ሲነኩ ይናጋል። አልበርት፣ ሃዎንግ ጆንግና ባራባሺ በ2000 ባወጡት ጥናት፣ 5 በመቶ የሚሆኑ አንጓዎች በዘፈቀደ ሲወገዱ የቀሩት ርቀት ያልተለወጠ ሲሆን፣ ብዙ ማያያዣ ያላቸው 5 በመቶዎቹ ተመርጠው ሲወገዱ ግን በእጥፍ አድጓል።