ግሩፕ ምንድን ነው? የአየር ሽጉጥ ጀማሪ ከነጥብ በፊት የሚያየው ነገር

የአየር ሽጉጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው። «ስንት ባመጣ ጥሩ ይባላል?» አይፈረድበትም። ኢላማው ላይ ቁጥር ተጽፏል፣ ቁጥር ያየ ሰው ደግሞ መደመሩ አይቀርም። የኔ መልስ ግን ሁሌም አንድ ነው፦ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ነጥቡን እርሱትና ግሩፑን ለኩ።

ግሩፕ ማለት በአንድ ዓይነት አያያዝ፣ አንድ ቦታ ላይ እያነጣጠራችሁ፣ ማነጣጠሪያውን ሳትነካኩ የተኮሳችኋቸው ጥይቶች ወረቀቱ ላይ ጥለውት የሄዱት የቀዳዳ ስብስብ ነው። በቃ። ስፋቱን ለማወቅ በጣም የተራራቁትን ሁለት ቀዳዳዎች ትመርጡና ከአንዱ መሀል እስከ ሌላው መሀል በማስመሪያ ትለካላችሁ። ግሩፑ ወረቀቱ ላይ የት አረፈ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። ታች ይሁን፣ ግራ ጥግ ይሁን፣ ለጊዜው ግድ የለም። ቀዳዳዎቹ ተቀራርበዋል ወይ? ጥያቄው እሱ ብቻ ነው።

ለምን እሱ ብቻ? ሁለት ጀማሪዎች እንውሰድ። አንደኛዋ አሥሩንም ጥይት ግራ ታች ላይ፣ በ30 ሚሊሜትር ውስጥ አስቀመጠች፤ ሲደመር 60 ገደማ መጣ። ሁለተኛው ወረቀቱን ሙሉ በትኖ ሁለት 10 እና አንድ 9 አገኘ፣ የቀሩት ሰባቱ አማካኛቸው 5 ነው፤ ድምሩ 64። በነጥብ ካየነው እሱ በልጧል። የሷን ሽጉጥ ማነጣጠሪያ ብሎን ጥቂት ጠቅታ ብናዞረው ግን ያው ግሩፕ መሀል ላይ ይመጣና ከሞላ ጎደል ሁሉም 9 እና 10 ይሆናል። የሱን ግን የትኛውም ብሎን አይሰበስበውም። ዛሬ ያገኛቸው ሁለት አሥሮች ነገ ተመልሰው ለመምጣታቸው ምንም ዋስትና የለውም።

እኔ ራሴ ስጀምር ይህን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። አንድ 10 ባገኘሁ ቁጥር ያንን ወረቀት አጥፌ ኪሴ እከት ነበር። አንድ ቀን ሲያሠለጥነኝ የነበረው ሰው ወረቀቱን ተቀብሎኝ ወደ መብራቱ አነሳው። ለኢላማ የሚሠራው ጥይት አፍንጫው ጠፍጣፋ ስለሆነ ወረቀቱን አይቀደውም፣ እንደ ወረቀት መብሻ ክብ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ ብርሃኑ በየቀዳዳው ጥርት ብሎ ገባ። ከ10ሩ ይልቅ ግራ ታች ላይ ያሉትን አራት ቀዳዳዎች በጣቱ ከበበልኝ። ሁለቱ ተነካክተው የ8 ቁጥርን ቅርጽ ሠርተዋል። «ያንተ እጅ የተኮሰው ይሄ ነው» አለኝ። 10ሩን ሳይነካው አለፈ። ከዚያ በኋላ ወረቀቴን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ።

አሁን ቁጥሮቹን እንይ፣ ምክንያቱም ግብ የሚወጣው ከነሱ ነው። በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ኢላማ ላይ የ10 ክብ ዲያሜትር 11.5 ሚሊሜትር ነው፣ የ9 ደግሞ 27.5። ከዚያ እያንዳንዱ ክብ በ16 ሚሊሜትር እየሰፋ ይሄዳል። ከ7 ጀምሮ ወደ ውስጥ ያለው ጥቁር ነው፣ እሱም 59.5 ሚሊሜትር ነው። ጥይቱ 4.5 ሚሊሜትር ነው፤ የክቡን መስመር ከነካ የሚቆጠርለት ከፍተኛው ነጥብ ነው። ይህን ስታሰሉት የሚያምር ነገር ይወጣል። የቀዳዳው መሀል ከኢላማው መሀል በ8 ሚሊሜትር ውስጥ ከሆነ 10 ነው፣ በ16 ውስጥ 9፣ በ24 ውስጥ 8፣ በ32 ውስጥ 7።

ስለዚህ ደረጃዎቹ ራሳቸው ተሠርተው ተቀምጠዋል ማለት ነው። የአሥር ጥይት ግሩፓችሁ 64 ሚሊሜትር በሆነ ክብ ውስጥ ካደረ፣ መሀል ላይ ሲመጣ አንድም ጥይት ከጥቁሩ አያመልጥም። ወደ 48 ከጠበበ ከ8 በታች አይኖርም። 32 ከሆነ 9 እና 10 ብቻ ነው። 16 ከሆነ ሁሉም 10 ነው። የመጨረሻው ለማንም ሩቅ ነው፦ በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ውድድር 60 ጥይት ይተኮሳል፣ ሙሉው ነጥብ 600 ነው፣ የኮሪያው ጂን ጆንግ ኦ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር ያስመዘገበው 594 ነበር። እሱ እንኳን ስድስት ነጥብ ጥሏል። ለጀማሪ የመጀመሪያው እውነተኛ ግብ 64 ሚሊሜትሩ ነው። ወራት ይፈጃል፣ መፍጀቱም ልክ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ከዚህም ዝቅ ያለ ጅማሬ አለ፣ እኔ ለሁሉም ሰው የምመክረው እሱን ነው። ወረቀቱን ገልብጡት። ክብም ቁጥርም የሌለበት ነጩ ጀርባ ላይ፣ መሀሉን በግምት እያያችሁ አሥር ጥይት ተኩሱ። የሚያጓጓ 10 ስለሌለ ዓይን መሄጃ ያጣል፣ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ እሱም የፊቱ ማነጣጠሪያ ላይ ነው፣ አፈሙዙ ጫፍ አጠገብ ያለችው ላይ።

እዚህ ጋ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ግሩፕ የሚሰፋው በአብዛኛው እዚህ ነው። የፊቱና የኋላው ማነጣጠሪያ ርቀት 30 ሴንቲሜትር ገደማ ነው እንበል። ኢላማው 10 ሜትር ላይ ነው፣ ማለትም 33 እጥፍ። የፊቱ ማነጣጠሪያ በኋላው ክፍተት ውስጥ 1 ሚሊሜትር ብቻ ወደ ጎን ቢንሸራተት ጥይቱ 33 ሚሊሜትር ይስታል፣ አራት ክብ ማለት ነው። በሌላ በኩል ሁለቱ ማነጣጠሪያዎች እንደተስተካከሉ ክንዳችሁ በጠቅላላው 1 ሴንቲሜትር ወደ ጎን ቢሄድ ጥይቱም የሚሄደው 1 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ጀማሪ የሚፈራው የክንዱን መንቀጥቀጥ ነው፣ እሱ ግን ያን ያህል አይጎዳም። ሽጉጡ በአንድ እጅ ብቻ ነው የሚያዘው፣ ስለዚህ የማይንቀጠቀጥ ክንድ የለም። የፊቱን ማነጣጠሪያ ጥርት አድርጋችሁ እያያችሁ፣ ኢላማው ይደብዝዝ፣ ክንዱም ይወዛወዝ፣ ቃታውን ቀስ ብላችሁ ሳቡ። የውድድር ሽጉጥ ቃታ ክብደት ቢያንስ 500 ግራም መሆን አለበት፤ ይህ ክብደት በአንዴ ሲጎተት ሽጉጡን ይዞት ይዞራል።

የግሩፑ ቅርጽም ይናገራል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ጥይቶቹ ወደ ግራ ታች ከሸሹ ብዙ ጊዜ ቃታውን እየመነጨቀ ነው። ከላይ ወደ ታች የተዘረጋ ከሆነ ወይ ትንፋሹ ነው፣ ወይ ክንዱ ደክሟል፣ ወይ የፊቱ ማነጣጠሪያ ከፍታ ከጥይት ጥይት ይለያያል። ወደ ጎን ከተዘረጋ ጣቱን ወይም አቋቋሙን ይመልከት። ነጥብ ብቻ ስትደምሩ ይህ ሁሉ አይታያችሁም፤ 6 ከላይም 6 ነው፣ ከታችም 6 ነው።

ስትለኩ ራሳችሁን አትሸውዱ። ሦስት ጥይት ግሩፕ አይባልም፣ ሦስት ጥይት በዕድልም ይጠጋጋል። አሥር ተኩሱ፣ ከተቻለ በአንድ ቀን አራት ወረቀት፣ ከዚያ የአራቱን አማካኝ ጻፉ። ያመለጠችውን አንዷን ጥይት «እሷ አትቆጠርም» ብላችሁ አታውጧት፣ እናንተው ናችሁ የተኮሳችኋት። ግን ወረቀቱን ከማየታችሁ በፊት «ይቺ ወደ ቀኝ ሄዳለች» ብላችሁ መገመት ልመዱ፤ ግምቱና ቀዳዳው መገጣጠም ሲጀምር ዓይናችሁ ማነጣጠሪያው ላይ እንደነበረ ታውቃላችሁ። ለኔ ይህ ከማንኛውም 10 የበለጠ ያስደስተኛል። ደግሞ ከአንድ መጥፎ ጥይት በኋላ ብሎኑን አታዙሩ። አሥሩ ካለቀ በኋላ የግሩፑን መሀል አይታችሁ ነው የሚዞረው።

ችኮላም አያስፈልግም። በኤሌክትሮኒክ ኢላማ ውድድር ላይ እንኳን ለ60 ጥይት 75 ደቂቃ ይሰጣል፣ ለአንዱ አንድ ደቂቃ ከሩብ ይደርሳል። አነጣጥራችሁ 10 ሰከንድ ካለፈ ሳትተኩሱ አውርዱት፣ ተንፍሱ፣ እንደገና አንሱ። አፈሙዙ ሁሌም ወደ ኢላማው፣ ጣት እስክታነጣጥሩ ድረስ ከቃታው ውጭ፣ የዓይን መከላከያ መነጽርም ይደረግ፤ አየር ነው ተብሎ የሚናቅ መሣሪያ አይደለም።

ወረቀቶቹን አትጣሉ። ጥግ ላይ ቀኑን፣ የግሩፑን ስፋት በሚሊሜትርና የየትኛው ቆርቆሮ ጥይት እንደሆነ ጻፉበት፣ በቅደም ተከተል አስቀምጡ። የመጀመሪያው ምናልባት 110 ይል ይሆናል። ከሁለት ወር በኋላ 85 የሚለውን ከላዩ ደርባችሁ ወደ መብራት ስታነሱት፣ ብርሃኑ የት የት እንደሚገባ እዩ።