የማንኪያው ጀርባ ምን ይላል? ስለ ብር ዕቃ ማህተሞች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት፣ ሣጥን ውስጥ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለሉ ስድስት ማንኪያዎች አሉ፤ ለሠርጋቸው የተሰጡ ናቸው። ልጆቻቸው አንጥረኛ ዘንድ ወስደው መስቀል ሊያሠሩባቸው ሲነሡ ደረስኩና አንዱን ገልብጬ ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። በእጀታው ጀርባ አራት ጥቃቅን ጋሻዎች ተደርድረዋል፤ በየጋሻው አንድ የላቲን ፊደል አለ፦ ኢ፣ ፒ፣ ኤን፣ ኤስ።

«የመጨረሻው ፊደል ሲልቨር ማለት ነው፤ ስለዚህ ብር ነው» አሉ ልጆቹ። ፊደሉ በእርግጥ ሲልቨር ማለት ነው፤ ብር ግን አይደለም። አራቱ ፊደላት አንድ ላይ «በኤሌክትሪክ የተለበጠ ኒኬል ሲልቨር» ማለት ናቸው። ኒኬል ሲልቨር ደግሞ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅልቅል ነው፤ ከስሙ በቀር ብር የለበትም። አልፓካ የሚል ማህተም ያለው ዕቃም ከዚሁ ወገን ነው። በኤሌክትሪክ የመለበጡን ሥራ በእንግሊዝ በርሚንግሃም ከተማ የኤልኪንግተን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1840 የባለቤትነት መብት አስመዘገበበት፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ዕቃ ዓለምን ሞላ። ቢቀልጥ ስሱ የብር ልባስ በመዳቡ ውስጥ ይጠፋል። መስቀሉም የብር አይሆንም፣ ማንኪያውም አይመለስም።

«ጋሻ፣ ዘውድ ወይም አንበሳ ካለበት መንግሥት የመረመረው ብር ነው» የሚለው ብዙ ሰው ያሳስታል። በእንግሊዝ የእውነተኛ ብር ምልክት ወደ ጎን ሲራመድ የሚታይ አንበሳ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1544 ጀምሮ ይታተማል። ዘውድ የሸፊልድ የተባለችው የእንግሊዝ ከተማ ብር መርማሪዎች ምልክት ነበር፤ ግን ብር ለባጮችም በዕቃቸው ላይ አትመውታል። ፊደሎቻቸውን በየጋሻው ለያይተው የሚያስቀምጡትም ከሩቅ ሲያዩት የመርማሪ ማህተም እንዲመስል ነው። ስለዚህ አንዱን ምልክት ብቻ አይቶ መፍረድ አይገባም፤ ረድፉን በሙሉ ማንበብ ያስፈልጋል።

ቁጥሩም እንዲሁ ነው። 800 ወይም 925 ከሺህ እጅ ምን ያህሉ ብር እንደሆነ ይናገራል። በጀርመን ዕቃ ላይ የሚገኘው 90 ግን «ዘጠና በመቶ ብር» አይደለም፤ 12 ማንኪያና 12 ሹካ ለመለበጥ 90 ግራም ብር ዋለ ማለት ነው። ለአንዱ ዕቃ አራት ግራም እንኳ አይደርስም።

«ቁጥሩ ዕድሜውን ይነግራል» ለሚሉ ደግሞ ምሳሌው በየቤታችን ነበር። ጠገራ ብር 1780 የሚል ዓመት ተጽፎበታል፤ ምስሏ ያለበት የኦስትሪያ ገዥ ማርያ ቴሬዛ በዚያው ዓመት ከሞተች በኋላም ያው ዓመት ሳይለወጥ ለዘመናት ታትሟል። በእንግሊዝ ማንኪያ ላይ ያለው የንድፍ ምዝገባ ቁጥርም ንድፉ መቼ እንደተመዘገበ እንጂ ማንኪያው መቼ እንደተሠራ አይናገርም።

ማግኔትም አይፈርድም። ብርም ኒኬል ሲልቨርም በማግኔት አይሳቡም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን «ማህተም የሌለው ዕቃ ዋጋ የለውም» የሚለው ነው። የአንኮበርና የመንዝ አንጥረኞች ከቀለጠ ጠገራ የሠሯቸው የአንገት መስቀሎች አብዛኛውን ጊዜ ማህተም የላቸውም። ጠገራ ከሺህ 833 እጁ ብር ነው፤ በአንዱ ውስጥ ከ23 ግራም በላይ ንጹሕ ብር አለ። በ90 የተለበጡ ስድስት ማንኪያዎች ተደምረው ይህን አያህሉም። ማህተም አጥቶበት የእናቱን መስቀል በርካሽ የሚሸጥ ሰው ሳይ ያመኛል።

«ማህተሙ እንዲጠራ በአመድ ፈትገው» የሚለውን ምክር እባካችሁ አትስሙ። አመድና አሸዋ ልባሱንም ማህተሙንም ይበላሉ። በለብታ ውኃና በሳሙና አጥቦ፣ በለስላሳ ጨርቅ አድርቆ፣ በማህተሙ ላይ በቅርብ መተንፈስ ነው፤ እንፋሎቱ ሲደበዝዝበት ፊደሉ ጎልቶ ይታያል። ያኔ በስልክ ፎቶ ማንሣት ይቻላል።

የአክስቴን አምስት ማንኪያዎች እንዲህ አነበብናቸው። ስድስተኛው ለዓመታት ወጥ ቤት ውሎ በአመድ ሲፈተግ ኖሯል፤ ጠረጴዛ የሚነካው ሆዱ ቢጫ ሆኗል፣ ከአራቱ ጋሻዎችም የሁለቱ ጠርዝ ብቻ ቀርቷል።