የሜዳ ጣቢያ፦ የአማተር ሬዲዮ ክበብ ቅዳሜና እሁድ በአዲስ አበባ ዙሪያ

አማተር ሬዲዮ ለንግድ ያልሆነ የሬዲዮ ግንኙነት ነው። ፈቃድ ያለው ሰው ከራሱ መሣሪያ ተነስቶ ሌላ አገር ካለ ባለፈቃድ ጋር ያወራል። መሃል ላይ ቴሌ የለም፣ ኢንተርኔት የለም። እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ መለያ ጥሪ አለው፤ የኢትዮጵያው አብዛኛውን ጊዜ በ«ኢቲ» ይጀምራል። አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ለምሳሌ፣ ኢቲ 3 ኤኤ ይባላል።

የሜዳ ጣቢያ የሚባለው ደግሞ ክበቡ ዕቃውን ጭኖ ከከተማ ወጥቶ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ያለ መብራት ኃይል አንድ ቀን ከሌሊቱ ጋር የሚሠራበት ነው። ልማዱ የቆየ ነው። አሜሪካኖች በ1933 እ.ኤ.አ. ጀመሩት፤ አሁን በየዓመቱ በሰኔ አጋማሽ ግድም ያደርጉታል። የመጀመሪያው ሐሳብ አደጋ ሲደርስና መስመር ሲቋረጥ ከባዶ ሜዳ ግንኙነት መመስረት መቻልን መለማመድ ነበር። ዛሬ ግማሹ ልምምድ፣ ግማሹ ውድድር፣ የቀረው ሽርሽር ነው።

ግን ለምን መውጣት? አንዱ ምክንያት ጫጫታ ነው። በጆሮ የሚሰማውን ማለቴ አይደለም። የኤልኢዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ ኢንቨርተር፣ የላላ የመብራት ሽቦ፣ ሁሉም የሬዲዮ ሞገድ ይረጫሉ። ከሩቅ የሚመጣ ደካማ ድምፅ በዚህ ውስጥ ይሰምጣል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ወይም ከመናገሻ በኩል ሬዲዮውን ሲከፍቱት ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። ከፍታ ቦታ ሁሉ ግን አይመችም። የማሰራጫ ማማ ያለበት ጋራ አናት ላይ መቀመጥ ሞኝነት ነው፤ ኃይለኛው ማሰራጫ የክበቡን መቀበያ ያፍነዋል።

አንቴናው ብዙ ወጪ የለውም። ለ14 ሜጋኸርዝ ድግግሞሽ (ሞገዱ በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) 10 ሜትር ገደማ፣ ለ7 ሜጋኸርዝ 20 ሜትር ገደማ የሆነ ሽቦ መሃሉ ላይ ተቆርጦ ወደ ሬዲዮው ከሚሄደው ኬብል ጋር ይያያዛል። ዋናው ጥያቄ ከፍታው ነው። የ14 ሜጋኸርዙ ሽቦ ከመሬት 10 ሜትር ያህል ከወጣ ሞገዱ ወደ አድማስ ዝቅ ብሎ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ዙሪያ ሰው ዕድለኛ ነው። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ በየቦታው አለ። ድንጋይ የታሰረበት ሲባጎ በወንጭፍ ቅርንጫፍ ላይ መጣል ነው። ዛፍ ከሌለ ሁለት ሦስት አጣና ተቀጣጥሎ ይቆማል። ውጭ አገር ለዚህ ውድ የአሉሚኒየም ምሰሶ ይገዛሉ።

ኃይሉ ከመኪና ባትሪ ይመጣል። 100 ዋት የሚያወጣ መሣሪያ በ13.8 ቮልት ሲናገር እስከ 20 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ሲያዳምጥ ግን ጥቂት ነው። ጀነሬተርም ይሠራል፣ ግን ይጮኻል፣ ቤንዚንም ይፈልጋል። በእኔ ግምት ሁለት ባትሪና ቀን የሚሞላቸው ሶላር ይሻላል። የሶላሩ መቆጣጠሪያ ራሱ ጫጫታ እንዳይረጭ አስቀድሞ መሞከር ያስፈልጋል።

ፈቃድ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከዚያ በተጨማሪ ለአካባቢው ቀበሌ ደብዳቤ ይዞ መሄድ፣ የመሬቱን ባለቤትም ማስፈቀድ ይበጃል። ዛፍ ላይ ሽቦ እየሰቀሉ በማይታወቅ ቋንቋ ፊደል የሚጠሩ ሰዎችን ያየ ገበሬ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

የዓለም የቀን መቁጠሪያ ግን ለእኛ አልተሠራም። የአውሮፓና የአፍሪካ የሜዳ ውድድር በሞርስ (ፊደል በአጭርና በረጅም ድምፅ የሚላክበት ዘዴ) የሚደረገው ግንቦት መጨረሻ ላይ ሲሆን በድምፅ የሚደረገው ነሐሴ መጨረሻ ወይም ጳጉሜ ላይ ይውላል። አሜሪካኖቹ ሰኔ ላይ ናቸው። እነሱ በጋ ሲሆን እኛ ጭቃ ውስጥ ነን። ነጎድጓድ ሲቃረብ የአንቴናውን ኬብል ከመሣሪያው ነቅሎ ውጭ መጣል ግድ ነው። ከሁሉም ለአዲስ አበባ አየር የሚመቸው የስካውቶች የሬዲዮ ጃምቦሬ ነው። ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን በጥቅምት መጀመሪያ ግድም ይውላል። ውድድር አይደለም፤ ልጆች ማይክ ይዘው የሌላ አገር ልጆችን የሚያወሩበት ነው።

ሰዓትም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። መዝገቡ የሚያዘው በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ነው፣ ቁጥሩ ከእኛ አቆጣጠር በ3 ይበልጣል። የግንቦቱ ውድድር በዚያ ሰዓት 15፡00 ላይ ይጀምራል፤ ማለትም ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት። አንቴና ሳይሰቀል ከዘገየ ሥራው በባትሪ መብራት ይሆናል። ሌሊቱ በ7 ሜጋኸርዝ ይታለፋል፤ ሲነጋ ወደ 14፣ ከዚያ ወደ 21 ይወጣል። ፀሐይ በ11 ዓመት ዑደቷ ስትጠነክር ከሰዓት በኋላ 28 ሜጋኸርዝም ይከፈታል።

አውሮፓ ያለ ክበብ ጭንቀቱ ሰው ማግኘት ነው። ከኢትዮጵያ ግን ጭንቀቱ የሚጠራውን ሰው ማስተናገድ ነው። የሚሠሩ ጣቢያዎች ጥቂት ስለሆኑ «ኢቲ» የሚል ጥሪ ሲሰማ ሁሉም ይረባረባል፤ ሥራ መውጫ ላይ መገናኛ እንደመጣ ባዶ ሚኒባስ ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ሲጮህ የማንም ስም አይለይም። ስለዚህ ኦፕሬተሩ በአንድ ድግግሞሽ ይናገራል፣ ከ5 እስከ 10 ኪሎኸርዝ ከፍ ብሎ ያዳምጣል። ያም ካልበቃ በመለያቸው ውስጥ ባለው ቁጥር ይጠራል፦ አሁን 1 ብቻ፣ ቀጥሎ 2። አንዴ የጀመሩትን ሥርዓት መሃል ላይ ማፍረስ ግርግሩን ያባብሰዋል። ከሁለት ሰዓት በላይ አንድን ሰው ወንበር ላይ ማቆየትም ልክ አይደለም። ድምፁ ይደክማል፣ ስህተት ይበዛል። አጠገቡ የሚጽፍ ሌላ ሰው ቢኖር፣ ጀበናውም ከቀረበ፣ ሌሊቱ ይገፋል።

ዕቃ ከተጫነ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሥራ አለ፦ ማረጋገጫ። እያንዳንዱ ግንኙነት በመለያ ጥሪ፣ በቀን፣ በሰዓትና በድግግሞሽ ተመዝግቦ፣ ለሌላኛው ወገን በኢንተርኔት ወይም በፖስታ ካርድ ይላካል። ብዙዎች የሚያሳድዱት 100 አገሮችን በማረጋገጫ መሙላትን ነው፤ ኢትዮጵያን ያገኘ ሰው ካርዱን ይጠብቃል። ክበቡ ካርድ ማሳተሚያና የፖስታ ወጪ ከቤንዚኑና ከድንኳኑ ጋር አብሮ ቢይዝ ይሻለዋል።