ሳተላይት ያያል፤ ግን ምን ያያል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሳተላይት ወሬ ሲነሳ ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ኪስህ ውስጥ ያለውን ሳንቲም ሳይቀር ይቆጥራል» ይላል። ሌላው «የሀብታም አገር መጫወቻ ነው፤ ለልማት ምን ይረባል?» ብሎ ወሬውን ይዘጋል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ምድርን የሚቃኙ ሳተላይቶች ለዘላቂ ልማት ብዙ ይሠራሉ፤ ሥራቸው ግን አብዛኞቻችን ከምናስበው ይለያል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች ላንሳ። ዓመቶቹ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

«ፊታችንን ያያል፤ ታርጋ ያነባል»

እዚህ ላይ ያሳሳተን ፊልም ነው። ለደን፣ ለእርሻና ለውሃ ጥናት በብዛት የሚያገለግሉት የአሜሪካው ላንድሳትና የአውሮፓው ሴንቲኔል-2 ናቸው። የላንድሳት አንዷ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ ከተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች አንዷ፣ መሬት ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር ትሸፍናለች። ሴንቲኔል-2 ቢጠራ ቢጠራ 10 ሜትር ነው። እዚያ ላይ አንድ ቤት አንድ ነጥብ ቢሆን ነው። ሰውማ ጭራሽ የለም። ከንግድ ሳተላይቶች ምርጥ የሚባሉት 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳሉ። መኪናው ይለያል፤ ታርጋው አይነበብም።

ታዲያ ለምን ሁሉንም አጥርተው አይሠሯቸውም? አጉልቶ የሚያይ የሚያየው ጠባብ ቦታ ስለሆነ ነዋ። ላንድሳት አንዴ ሲያልፍ 185 ኪሎ ሜትር፣ ሴንቲኔል-2 ደግሞ 290 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው መሬት ጠርጎ ያነሳል። አንድን ተፋሰስ ከዳር እስከ ዳር ለመከታተል የሚጠቅመው ይህ ስፋት ነው።

«ስልኬ ካርታ ላይ የማየው የአሁኑን ነው»

አይደለም። ብዙውን ጊዜ ወራት ወይም ዓመታት ያለፉት፣ ከብዙ ምስሎች ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው። ላንድሳት 8 እና 9 ተጋግዘው አንድን ቦታ የሚያገኙት በየ8 ቀኑ ነው። ሴንቲኔል-2 ጥንዶቹ በየ5 ቀኑ ይመለሳሉ። አንድ ቦታ ላይ የተተከሉ የሚመስሉት የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች በየ10 ወይም 15 ደቂቃው ምስል ይልካሉ፤ ግን 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ከዚያ ሆኖ ዳመና እንጂ ማሳ አይለይም።

«ዞሮ ዞሮ ፎቶ ነው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል። ሳተላይቱ ብርሃን ይለካል፤ ከሚለካው ብርሃን ደግሞ ብዙው ለዓይናችን አይታይም። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግብ ሥራው ይውጠዋል፤ ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ የተባለ ብርሃን ግን አንጥሮ ይመልሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ከሆነ እርሻው ደህና ነው። እየጠበበ ከሄደ አንድ ችግር አለ። ድርቅና የሰብል ጉዳት ቀድመው እንዲታወቁ ከሚያደርጉት ዋና መንገዶች አንዱ ይህ ቀላል ስሌት ነው።

«ዳመና ከሆነስ?» ትሉ ይሆናል። ለዚያ ራዳር አለ። ሴንቲኔል-1 የራሱን ሞገድ ወደ ምድር ልኮ የሚመለሰውን ይቀበላል። ዳመናውም ጨለማውም አይከለክሉትም። የተኛ ውሃ እንደ መስታወት ሞገዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚወረውረው ምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ጎርፍ የሚመጣው ሰማዩ በተዘጋበት ሰሞን ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ካሜራ የሌለው ነው። ግሬስ የተባሉት መንትያ ሳተላይቶች ከ2002 እስከ 2017 በ220 ኪሎ ሜትር ገደማ ተራርቀው ተከታትለው ይበሩ ነበር። የሚለኩት በመካከላቸው ያለውን ርቀት ነው። ከሥር ክብደት የበዛበት አካባቢ ሲደርሱ የፊተኛው ቀድሞ ይሳብና ርቀቱ ይሰፋል። ውሃ ክብደት አለው። ከመሬት በታች ያለው ውሃ ሲቀንስ የስበቱም ኃይል በጥቂቱ ይቀንሳል። በዚህ መንገድ በሰሜን ምዕራብ ሕንድ ከ2002 እስከ 2008 ባለው ጊዜ 109 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር የከርሰ ምድር ውሃ እንደጠፋ ተሰላ። ዋናው ምክንያት ለመስኖ የሚሳበው ውሃ ነበር። እርግጥ ግሬስ የሚያየው በመቶ ኪሎ ሜትሮች የሚለካ ሰፊ አካባቢ ነው። የአንድን ጉድጓድ ነገር አትጠይቁት።

«መረጃው ውድ ነው»

ድሮ እውነት ነበር። የላንድሳት አንድ ምስል 600 ዶላር ገደማ የሚሸጥበት ጊዜ ነበር። በ2008 ግን ማኅደሩ በነፃ ተከፈተ፤ ላንድሳት 1 ከመጠቀበት ከ1972 ጀምሮ የተነሱት ምስሎች ጭምር። የሴንቲኔል መረጃም ነፃ ነው። አሁን ገንዘብ የሚበላው ሌላ ነው፦ ፈጣን ኢንተርኔት፣ ኮምፒውተር፣ ከሁሉም በላይ መረጃውን ማንበብ የሚችል ባለሙያ።

«17ቱንም የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች ከላይ መለካት ይቻላል»

አይቻልም። የሐይቆች ስፋት፣ የመሬት መራቆት፣ የከተሞች መስፋፋት በደንብ ይለካሉ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ትሂድ አትሂድ ግን ከምሕዋር አይታይም።

«ሳተላይት ካለ መሬት ላይ ሰው አያስፈልግም»

ከጎጂ የፀሐይ ጨረር የሚከላከለን የኦዞን ሽፋን ታሪክ ለዚህ መልስ ነው። በ1985 በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ ኦዞን በኃይል መመናመኑን ለዓለም ያሳወቁት ሃሊ በተባለው ጣቢያ መሬት ላይ ቆመው የሚለኩ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ናቸው። የናሳ ኒምበስ-7 ሳተላይትም ከላይ እየለካ ነበር። ቁጥሮቹ ግን ከሚጠበቀው በጣም ስላነሱ የመሣሪያ ስህተት ሊሆኑ ይችላሉ ተብለው ምልክት ተደርጎባቸው ነበር። በኋላ መረጃው ሲፈተሽ ሳተላይቱ ልክ ነበር፤ መመናመኑ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ በካርታ ያሳየውም እሱ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው። እርሻ ላይም እንዲሁ። ስንዴና ገብስ ከላይ ሲታዩ መንታ ናቸው፤ መስክ ወርዶ «ይሄ ገብስ ነው» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

«ሳተላይት ደን ያድናል»

ብራዚል የአማዞንን መመንጠር ከ1988 ጀምሮ በሳተላይት በየዓመቱ ትለካለች። በ2004 አንድ ዓመት ብቻ 27,772 ካሬ ኪሎ ሜትር ደን ተመነጠረ። ልኬቱ 16 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ደኑን ግን አላተረፈውም። በዚያው ዓመት ምንጣሮውን ቶሎ ቶሎ የሚጠቁም ሥርዓት ተጀመረ። ጥቆማው ሲደርስ ተቆጣጣሪዎች ቦታው ድረስ ሄዱ፤ ቀጡ። የመንጣሪዎች የባንክ ብድር ተከለከለ። በ2012 ቁጥሩ ወደ 4,571 ወረደ።

ከዚያ ቁጥጥሩ ላላ። በ2021 ከ13,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ደን ሄደ። ያኔ ሰማይ ላይ የነበሩት ሳተላይቶች በ2004 ከነበሩት ይበልጣሉ፤ ጥራታቸውም ይሻላል። በ2023 ቁጥጥሩ ተመልሶ ጠነከረ፤ በ2024 የተመነጠረው 6,288 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆነ።